ካርዱ ላይ ያልተጻፉት

ሰኔ ሲገባ የሰፈራችን ተመራቂዎች ጽሑፍ ለብሰው ይመጣሉ። ቲሸርታቸው ደረቱ፣ ጀርባው፣ ክንዱ፣ አንገትጌው ሳይቀር በማርከርና በእስክሪፕቶ ተሞልቷል። «አልረሳሽም»፣ «ጨዋታህ ይናፍቀኛል»፣ «ዶክተር ሆነሽ ያሳየን»፣ «መልካም ዕድል»፣ እንዲሁም ማንም ሊያነበው የማይችል ሃያ ፊርማ። እናት «ይኼን ደግሞ ማን ሊያጥበው ነው?» ብላ ትቆጣለች። ልጅ ቲሸርቱን አጣጥፎ ሻንጣ ሥር ይከተዋል። በዓመቱ ቀለሙ ይደበዝዛል። በሦስተኛው ዓመት ቲሸርቱ ወለል መወልወያ ሆኖ ይገኛል። እነሆ የስንት ዓመት ጓደኝነት መዝገብ በዚሁ ተዘጋ!

ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ እኛም ስቀናል። ቆም ብለን ስናስበው ግን የሚያሳስብ ነገር አለበት። በአገራችን አንድ ተማሪ 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ስንት እንዳመጣ የሚመዘግበው ሞልቷል። ትምህርት ቤቱ ይመዘግባል፤ ትምህርት ቢሮው ይመዘግባል፤ ፈተናውን የሚያርመው መሥሪያ ቤት ይመዘግባል። ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ከእጁ ምን እንደሚወጣ የሚመዘግብ ግን የለም። ይህን በደንብ የሚያውቁት አብረውት ዴስክ የተጋሩት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ክረምቱ ሲገባ ይበተናሉ። የዛሬው አቤቱታችን አጭር ነው፦ ሳይበተኑ ይጻፉት።

ካርዱ የሚያውቀውና የማያውቀው

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ስለ ስድስት ጥያቄዎች ነበር፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ከነዚህ አንዱ የጎደለው ዜና ጎዶሎ ነው ተባልን። እስቲ በዚህ ሚዛን የተማሪ ካርድን እንመዝነው። የት እንደተማረ ይናገራል። መቼ እንደተማረ ይናገራል። በየትምህርቱ ምን እንዳመጣ፣ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣ፣ ስንት ቀን እንደቀረ ይናገራል። «ማን ነው?» ለሚለው ግን መልሱ የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ብቻ ነው።

እርግጥ «ጠባይ» የምትባል አንዲት ረድፍ አለች። እዚያች ላይ አንዲት ፊደል ትቀመጣለች። በኛ ክፍል ሁለት ‹ቢ› ያገኙ ልጆች እናስታውሳለን። አንደኛው በየሳምንቱ ከጥበቃው ጋር ግብ ግብ የሚገጥም፣ አጥር ዘሎ የሚገባ፣ አጥር ዘሎ የሚወጣ ነበር። ሁለተኛዋ ከመስከረም እስከ ሰኔ ድምጿ ያልተሰማ፣ መምህራን ስሟን ለመያዝ ስም መጥሪያ የሚያዩላት ልጅ ነበረች። ሁለቱም ‹ቢ›። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ካርዱን አይቶ ማን ማን እንደሆነ የሚለይ ነቢይ ብቻ ነው።

ከካርዱ በላይ ደግሞ ብሔራዊ ፈተናው አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር ከተሰጠ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ሆኑ። በ2014ም በ2015ም አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። እስቲ ከነዚያ ትምህርት ቤቶች አንዱን አስቡት። ደወል ተደውሏል፤ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል፤ ልጆች ተምረዋል፣ ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል፣ ተዋደዋል። የዓመቱ መዝገብ ሲገለጥ ግን «ያለፈ፦ ዜሮ» ይላል። የውጭ ሰው ቢያነበው እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ያልነበረ ይመስለዋል።

ፈተናው ለምን ጠበቀ እያልን አይደለም። እኛ ራሳችን 10ኛ ክፍል በነበርንበት በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀድሞ ወጥቶ ተሰርዟል፤ ታላላቆቻችን እንደገና ተቀምጠዋል። ኩረጃ አገር ያጠፋል፤ የፈተና ቁጥጥር ይጥበቅ። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ፈተናው የሚለካውን ይለካ፤ ያልለካውን ነገር ማን ይያዘው?

እኛ ክፍል እነማን ነበሩ?

እኛ 12ኛ ክፍልን የጨረስነው በ2010 ዓ.ም. ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 56 ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ስም አንጠራም፤ ያነበበ የክፍላችን ልጅ ራሱን ያውቃል።

በፕላዝማ እንጀምር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የቴሌቪዥን ትምህርት ያየ ሰው ያስታውሳል፤ መምህሩ በስክሪኑ ውስጥ ሆኖ በጥድፊያ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ አመስግኖን ያልፋል። መብራት የጠፋ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ይነሣል። ሰሌዳው ፊት ይቆማል። በፕላዝማው መምህር ድምፅ፣ በፕላዝማው መምህር አነጋገር፣ እጁን እንደዚያው እያወናጨፈ ትምህርቱን ካቆመበት ይቀጥላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ነገር ግን አንድ ልዩነት ነበረው፤ እሱ ጠይቆ ይጠብቃል። ያልገባው እጁን ካወጣ ተመልሶ፣ አሁንም በዚያው ድምፅ፣ በአማርኛ ያስረዳል። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እስከ ዛሬ የምናስታውሰው በሱ ድምፅ ነው። የፊዚክስ ውጤቱ 52 ነበር። ማስተማር መቻሉን የመዘገበለት የለም።

በኛ ጊዜ ‹አንድ ለአምስት› የሚባል አደረጃጀት ነበር። ጎበዝ የተባለው አንዱ አምስቱን ይመራል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ ፊርማ ይሰበሰባል። በወረቀት ላይ የኛን ቡድን ይመራ የነበረው ሌላ ነው። በተግባር ሒሳብ ያስተማረን ግን ቅዳሜና እሑድ የታክሲ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ነበር። ፐርሙቴሽን የሚባለው ነገር አልገባ ሲለን ደብተሩን ዘጋና የሚኒባሱን ወንበር መሬት ላይ በጠመኔ ሣለው። «የመጀመሪያው ተሳፋሪ ስንት ምርጫ አለው? እሱ ከተቀመጠ በኋላ ለሁለተኛው ስንት ቀረ?» ገባን! ‹ፋክቶሪያል› ማለት ሰው በገባ ቁጥር ክፍት ወንበር መቀነሱ መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታክሲ ተማርን። እሱ ግን ሰኞ ሰኞ እንቅልፍ ስለሚጥለው በመምህራን ዘንድ የሚታወቀው «ያ የሚተኛው» በሚል ነበር።

አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች፤ ሥራዋ ማስታረቅ ነው። ማንም አልሾማትም። ሁለት ጓደኛሞች ከተኳረፉ መሀላቸው ሄዳ ትቀመጣለች። የአንደኛዋን እስክሪፕቶ ወስዳ ለሌላይቱ «ላከችልሽ» ትላታለች፤ ያችኛዋ ግን አልላከችም። በማግስቱ ለመጀመሪያዋ «አመስግኚልኝ ብላሻለች» ትላታለች፤ ይቺም አላለችም። ውሸት ነው፤ ግን በሦስተኛው ቀን ሁለቱ አብረው ፓስቲ ሲበሉ ይገኛሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጥል እንዲህ እንዳበረደች የቆጠረ የለም። ሽማግሌ እስኪሸብት መጠበቅ የለበትም ለካ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ይበቃል።

የምሳ ሰዓቱን ልጅ ሳናነሣው አናልፍም። በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ «እናቴ ዛሬም አብዝታብኛለች፤ እባካችሁ አግዙኝ» ይላል። ሁልጊዜ የሚጠራው ያንኑ ምሳ የማይዝ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ‹የበዛው› ምሳ ያው አንድ እንጀራ በሽሮ ነበር። የበዛ ነገር አልነበረውም። የነበረው ችሎታ ነው፤ ሰውን ሳያሳፍሩ የማብላት ችሎታ። ይህንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለመኖሩ አልሰማንም።

ሰቃዩንም አንርሳ። (አንደኛ የሚወጣውን ‹ሰቃይ› እንል ነበር፤ ነጥቡን ስለሚሰቅለው።) እሱን ሁሉም በውጤቱ ያስታውሰዋል። እኛ ግን የምናስታውሰው በሹክሹክታው ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ዐይኑ ሩቅ አያይም፤ መነጽርም አልነበረውም። ሰቃዩ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሁሉ እሱ እየጻፈ በጎን ቀስ ብሎ ያነብለታል። ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ በየቀኑ። «ማነው የሚያወራው?» ተብሎ ስንት ጊዜ ተንበርክኳል። አንድም ቀን ምክንያቱን አልተናገረም፤ ቢናገር ጓደኛው ያፍራላ!

ባዮሎጂ ላይ ለሁላችንም ሥዕል የምትሥል ልጅም ነበረችን። የልብን አራት ክፍሎች፣ የአበባን አካላት፣ የኩላሊትን ቅርፅ ያለ ማስመሪያ፣ ያለ ላጲስ፣ በአንድ ትንፋሽ ታወጣዋለች። የግማሹ ክፍል ደብተር ውስጥ ያለው ልብ የሷ እጅ ነው። እሷ ዛሬ በአንድ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ምግብ መሥራትና ማጽዳት እንደምትችል ያውቃሉ። ልብ መሣል እንደምትችል የሚያውቁት እኛና የደብተሮቻችን ገጾች ብቻ ነን፤ ከደብተሮቹም አብዛኞቹ ለሱቅ ስኳርና በርበሬ መጠቅለያ ሆነዋል።

በነገራችን ላይ ሁሉም እስከ 12 አልደረሱም። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ነጥብ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ሥራ ይሄዳል። ከኛም ጋር ዘጠኝና አሥርን የተማሩ ስንቶቹ እዚያ ላይ ተለዩን። የምረቃው ፎቶ ላይ የሉም። የነበሩባቸው ቀኖች ግን ነበሩ።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን አንድ ለቅሶ ነው። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ታሞ ሞተ። ቀብር ውለን፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እናቱ አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ የልጃቸው ካርዶች ነበሩ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንድም ሳይጎድል። የመጨረሻውን አወጡልን። ከ56 ተማሪ 41ኛ። ጠባይ፦ ‹ሲ›።

«ልጆቼ፣» አሉን፤ «አብራችሁት ነበራችሁ። እስቲ ንገሩኝ፤ ምን አጥፍቶ ነው ‹ሲ› የሰጡት? እሱን ስጠይቀው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም ነበር። ባለጌ ነበር እንዴ?»

መልሱን የሰጠቻቸው የሚኒ ሚዲያችን ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜናና ምክር የምታነበው እሷ ነበረች፤ ግቢው በሙሉ ድምጿን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ያረጀ ማጉያ ነው፤ ሽቦው ከላልቶ ድምፁ ይቆራረጣል። ያ ልጅ ሳይታዘዝ ከሰንደቅ ዓላማው ጀርባ ወዳለው ክፍል ይገባና ሽቦውን በሁለት ጣቱ አጣብቆ ይቆማል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ። ሲለቀው ድምፁ ይጠፋል፤ ሲይዘው ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆመ። ስም ሲጠራ ግን ሰልፉ ላይ የለም። ከሰልፍ የሚቀር ተማሪ ደግሞ በጠባይ ይቀነስበታል። እሷም ለኃላፊው ተናግራለት ነበር፤ «ሽቦ መያዝ የሱ ሥራ አይደለም፤ ሰልፉ ላይ ይቁም» ተባለች።

«የኔ ድምፅ ሁለት ዓመት የተሰማው በሱ ጣት ነው፣ እትዬ» አለቻቸው።

እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «እስቲ ይኼን ጻፉልኝ።» ጻፍንላቸው። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። አሥራ አንዳችን ፈረምንበት። ዛሬ ከካርዶቹ ጋር እዚያው ፌስታል ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ አስቡት። ካርዱ ስለዚህ ልጅ ዝም ቢል ኖሮ ባልከፋ። ካርዱ ግን ዝም አላለም፤ የተሳሳተ ነገር ተናገረ። እናትም ዓመታት ሙሉ ያን አመነች። እውነቱን የሚያውቁ ሃምሳ አምስት ልጆች በከተማው ውስጥ በታክሲ ይመላለሱ ነበር።

ያሉን ልማዶች ለምን አይበቁም?

«ኦቶግራፍ አለ አይደል?» የሚሉን አሉ። አለ፤ እንወደዋለንም። ያች ባለ ጽጌረዳ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ «የምትወደው ምግብ? የምትወደው ቀለም? የምታደንቀው ሰው? ስለ እኔ ያለህ አስተያየት?» ትላለች። መልሱም ይታወቃል፦ ዶሮ ወጥ፣ ሰማያዊ፣ እናቴ፣ «ጥሩ ልጅ ነሽ፣ በዚሁ ቀጥይ»። የሃምሳ ልጆች ኦቶግራፍ ብትሰበስቡ ሃምሳ «ጥሩ ልጅ» ታገኛላችሁ። ኦቶግራፍ ፍቅር ይይዛል፤ ሰውን ግን አይዝም። ለዚያውም እያንዳንዱ በየቤቱ የሚያስቀምጠው ነው፤ ክፍሉ እንደ ክፍል የሚይዘው አይደለም።

«የምረቃ መጽሔትስ?» ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችና አቅም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ያሳትማሉ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ጋዋን የለበሰ ፎቶ፣ ከሥሩ ‹ላስት ወርድ›። ሁሉም ስለራሱ ይጽፋል፤ ፈጣሪንና ቤተሰብን ያመሰግናል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የክፍል ጓደኛ ስለ ክፍል ጓደኛ የመሰከረበት ቦታ እዚያ ውስጥ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ? ከዚህ በላይ የሚከፋው ደግሞ መዋጮው ነው። ገንዘቡን ያልከፈለ ተማሪ ገጽ የለውም። በአገራችን አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ መጽሔት የለውም።

ሦስተኛው ልማድ ሽልማት ነው፦ ‹ምርጥ አለባበስ›፣ ‹ምርጥ ተጫዋች›፣ ‹የዓመቱ በጥባጭ›። ይኼም ያስቃል። ነገር ግን ከሃምሳ ስድስት ልጅ አምስቱን መርጦ ሃምሳ አንዱን ያስጨበጭባል። ከደረጃ አምልጠን ሌላ ደረጃ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

«ምን ይጠቅማል?» ለሚሉ

አንዳንድ ወዳጆቻችን ሐሳቡን ነግረናቸው «ይኼ የጥጋብ ወሬ ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ማንበብ ይማሩ» ብለውናል። አባባላቸውን አናቃልለውም። የትምህርት ጥራቱ ችግር በቲሸርትና በደብተር አይፈታም። ነገር ግን ሁለቱ ምን አጣላቸው? ስለ ጓደኛው አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር አስተካክሎ ለመጻፍ የሚሞክር ልጅ እኮ ጽሕፈት እየተለማመደ ነው! ለዚያውም ከመጽሐፍ ሊገለብጠው የማይችለውን።

ሌሎች ደግሞ «የወደቀን ማሞገስ ስንፍናን ማበረታታት ነው» ይላሉ። ከዚህ ጋር አንስማማም። ሽቦ የያዘውን ልጅ ‹ሽቦ ይዞ ነበር› ማለት ሙገሳ አይደለም፤ ዘገባ ነው። ፊዚክስ 52 ያመጣውን ልጅ ‹95 ይገባው ነበር› አላልንም። 52 አምጥቷል፤ ማስረዳትም ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ መዝግቦ ሌላውን መተው ግን ጎዶሎ ዜና ነው።

ጥቅሙንም ከጠየቃችሁን እንናገራለን። ፈተናውን ካላለፈው እልፍ አእላፍ ተማሪ መካከል ስንቱ «አንተ ምን ትችላለህ?» ሲባል አንገቱን ይደፋል። የማይችል ሆኖ አይደለም፤ ይችላል ያለው ወረቀት በዕድሜው አይቶ ስለማያውቅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲለካ ኖሯል፤ በተለካ ቁጥር የተነገረው የጎደለው ነው። አንድ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፣ ሙያ ሲመርጥ፣ ተስፋ ሲቆርጥ፣ «እኔ እኮ ሰው የማስረዳት ችሎታ ነበረኝ፤ አርባ ሰው መስክሮልኛል» ብሎ የሚይዘው ነገር ቢኖረው እንዴት በቀና። ራሱን በራሱ ያሞገሰበት ሳይሆን፣ ምንም ጥቅም የማያገኙ እኩዮቹ የመሰከሩለት።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ?

ሐሳባችን ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ወፍራም ደብተርና እስክሪፕቶ ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለ አበው? ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ ስለ ቀሪዎቹ 49 አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ 2,450 ዐረፍተ ነገር ይሆናል። በሁለት ሳምንት ቢከፈል ለአንድ ልጅ በቀን ሦስት ወይም አራት መስመር ነው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ በገጹ ላይም 49 ሰው ያየው ነገር።

አጻጻፉ ግን ደንብ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ያው «ጥሩ ልጅ ነሽ» ይሞላዋል።

አንደኛ፣ ቅጽል ሳይሆን ድርጊት ይጻፍ። «ደግ ነው» አይባልም፤ «ምሳውን ‹በዝቶብኛል› እያለ ያካፍል ነበር» ይባላል። «ጎበዝ ናት» አይባልም፤ «ልብን ያለ ላጲስ ትሥላለች» ይባላል። ደግነቱን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛ፣ ማንም አይቀርም። ዝምተኛዋም፣ አጥር ዘላዩም፣ ከማንም ጋር የማያወራውም። ስለ አንድ ልጅ የሚጻፍ ነገር የጠፋ እንደሆነ ገና አልታየም ማለት ነውና ቀሪዎቹን ቀኖች እሱን ለማየት ማዋል ይቻላል። እንዲያውም የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጆቹ ለመጻፍ ሲሉ ቀና ብለው ይተያያሉ።

ሦስተኛ፣ መሀል ላይ የተለዩትም ይግቡ። ያቋረጠችው፣ የተዳረችው፣ ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ የሄደው፣ የሞተው። ስም መጥሪያው ላይ ስማቸው በቀይ እስክሪፕቶ ተሰርዞ ይሆናል፤ በዚህ ደብተር ግን አይሰረዝም።

አራተኛ፣ የሚያሳፍር አይጻፍ። ሳቅ ይፈቀዳል፤ ቁስል አይነካም። ስለ ቤተሰብ ድህነት፣ ስለ አካል ጉዳት፣ ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት ማላገጥ ክልክል ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር ወይም መምህርቷ አንዴ ይዩት፤ ክፉውን ያውጡ፤ የቀረውን ግን ባያሳምሩት እንመርጣለን። የልጆቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ እንደራሱ ይቆይ።

አምስተኛ፣ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም የየራሱን ገጽ በስልኩ ፎቶ ያንሣው፤ ዋናው ደብተር ግን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። የቴሌግራም ግሩፕ አለን አትበሉን፤ የኛም ክፍል አለው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ውስጡ ያለው የበዓል አበባና «ይህን ለአሥር ሰው ላክ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ስልክ ይሰበራል፤ ቁጥር ይቀየራል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት የአንዷ ተመራቂ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ገብታ መደርደሪያው ላይ የእናቷን ገጽ ብታገኘው እንዴት ያለ ስጦታ ነው!

መምህራን ሆይ፣ ይህ ተጨማሪ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሥራው የልጆቹ ነው፤ ከናንተ የሚፈለገው አንድ ክፍለ ጊዜና አንድ መደርደሪያ ነው። ርእሰ መምህራን ሆይ፣ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙልን፤ ሪፖርትም አትጠይቁበት፤ ወደ ‹አንድ ለአምስት› እንዳይለወጥብን እንፈራለን።

ተመራቂዎች ሆይ፣ እናንተ ዘንድ ያለው ዕውቀት ሌላ ቦታ የለም። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ በቁጥር ያውቀዋል፤ አሠሪ በፊርማ ያውቀዋል፤ መንግሥት በመታወቂያ ያውቀዋል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ምን እንደነበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ ሳይደበዝዝባችሁ። ቲሸርቱን ጻፉበት፤ ደስ ይላል፣ አንከለክልም። ከዚያ ግን አንድ ደብተር ግዙና የመጀመሪያውን ገጽ ሁልጊዜ ለሚረሳው ልጅ ስጡት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከጠፋባችሁ በዚህ ጀምሩ፦ «ማንም ሳያየው ይህን ያደርግ ነበር…»

ቸር እንሰንብት!